የሞላ ራውተርና የቆመ ንግድ

«ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ዛሬ በየንግድ ቤቱ የታወቀ መልስ ሆኗል። ከዳባት ገብስ ያስጫነ ነጋዴ ደባርቅ ላይ ክፍያው እስኪተላለፍ ሲጠብቅ፣ ሳይመሽ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለመውረድ የሚጣደፈው ሾፌር አብሮት ይቆማል፤ የመዋያውም ሒሳብ በነጋዴው ላይ ይቆጠራል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚበጅ መላ አልነበረም። ነገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የመስመሩ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እዚያው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ራውተር ይገኛል።

ራውተር እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር ከውጭ ጋር የከፈተውን ግንኙነት በሰንጠረዥ ይመዘግባል። ሰንጠረዡ የሚያርፈው ባለሙያዎች ሜሞሪ በሚሉት ማኅደር ላይ ነው፤ ይኸውም በብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች 64 ወይም 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ነገሩ የዱቤ መዝገብን ይመስላል፤ ሒሳቡን ሳይዘጋ የሄደ ደንበኛ ገጹን ይዞ ስለሚቆይ ለአዲሱ መጻፊያ ይታጣል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት፣ አምራቹ ካላሳጠረው በቀር፣ በወጉ ሳይዘጋ የቀረ የቲሲፒ ግንኙነት 5 ቀን ሙሉ ተመዝግቦ ይቆያል። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፉ እንግዶችን የሚያሳድር ሆቴል፣ ማታ ገብቶ ጧት የሚሄደው ስልክ ሁሉ ዱካውን ይተውበታል።

የታላላቆቹም ኩባንያዎች ራውተር ከዚህ አላመለጠም። ነሐሴ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. የዓለም ኢንተርኔት የመንገዶች ዝርዝር ከ512,000 ባለፈ ጊዜ፣ ማኅደራቸው በዚያ ቁጥር የተወሰነ አሮጌ ራውተሮች አዲሱን መንገድ መያዝ ተስኗቸው በልዩ ልዩ አገሮች አገልግሎት ተስተጓጉሏል።

ምልክቱን መለየት አያዳግትም። መስመር ሲቆረጥ ሁሉም ባንድነት ይቆማል፤ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራትም አይጠቅምም። ሜሞሪ ሲሞላ ግን መብራቶቹ እንደ በሩ ናቸው፤ የተከፈተው ሥራ ይቀጥላል፣ አዲሱ አልከፈት ይላል፤ አጥፍተው ሲያበሩት ድኖ ከቀናት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። የሱቁ ልጅ ነቅሎ መሰካቱን እንደ መድኃኒት የሚቆጥረው ለዚህ ነው። በብዙ ራውተሮች የክስተቱ መዝገብ በዚያው ሜሞሪ ስለሚቀመጥ፣ ሲነቀል ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመንቀል አስቀድሞ በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ገብቶ መዝገቡንና የተያዘውን የሜሞሪ መጠን መገልበጥ ይገባል።

ቁጥሩን ጧትና ማታ ማስተያየት ይበጃል። ቀን ጨምሮ ሌሊት ከቀነሰ የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ የእንግዳውን መስመር ከሒሳብ ክፍሉ መለየትና የግንኙነቱን መቆያ ማሳጠር ያቃልለዋል። ቤቱ ተዘግቶ አድሮም በየቀኑ ከጨመረ ግን፣ ፕሮግራሙ የያዘውን ቦታ እየመለሰ አይደለም፤ ይህንን የሚያርመው አምራቹ የሚያወጣው አዲስ ፈርምዌር ነው። ፈርምዌር ሲጫን መብራት ቢጠፋ ራውተሩ ከናካቴው ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ መሞከር አይመከርም። አዲስ የሚገዛ ነጋዴም ከዋጋው ቀጥሎ የሜሞሪውን መጠንና አምራቹ እስከ መቼ ፈርምዌር እንደሚያወጣለት ይጠይቅ።