የፊልም ለዛ በዲጂታል ካሜራ

ብዙ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች በዲጂታል ካሜራ ያነሱት ምስል «የፊልም ለዛ» እንዲኖረው በኮምፒዩተር ፊት ረጅም ሰዓት ይደክማሉ። ቀለሙን ያደበዝዛሉ፤ ሰው ሠራሽ ቅንጣት ይነሰንሱበታል። ውጤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ፊልም ለመምሰል የተቀባ ምስል ይሆናል። ምክንያቱን ለመረዳት ፊልምና የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ብርሃንን የሚቀበሉበትን መንገድ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጣሳና ደረቅ ድንጋይ

አንድ ባዶ ጣሳና አንድ ደረቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ዝናብ ጀመረ እንበል። በጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ ከዝናቡ መጠን ጋር እኩል እየጨመረ ይሄዳል፤ አፉ ድረስ ከሞላ በኋላ ግን የሚመጣው ጠብታ ሁሉ ይፈሳል። በድንጋዩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እያንዳንዳቸው ደረቅ ቦታ ያረጥባሉ። እየቆየ ሲሄድ አዲሱ ጠብታ ቀድሞ በራሰ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የርጥበቱ መስፋፋት ቀስ በቀስ ይዘገያል እንጂ በድንገት አይቆምም።

የሴንሰሩ እያንዳንዱ ፒክስል እንደ ጣሳው ነው። በሲሊኮን ላይ የሚያርፉ ፎቶኖች ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣሉ፤ የኤሌክትሮኖቹም ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር በቀጥታ ያድጋል። ፒክስሉ ከሞላ በኋላ ተጨማሪ ብርሃን አይመዘገብም። ፊልም ደግሞ እንደ ድንጋዩ ነው። በጄላቲን ውስጥ ከተበተኑት የብር ሃላይድ ቅንጣቶች መካከል ጥቂት ፎቶኖችን የዋጠ ቅንጣት በማጠቢያው ኬሚካል ወደ ብር ይለወጣል። ብርሃኑ ሲበረታ ያልተነካ ቅንጣት እያነሰ ስለሚሄድ ምላሹ ይለዝባል። ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ባሕርይ እንግሊዝ አገር ውስጥ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1890 አሳትመዋል። የሳሉት መስመር ከታች በዝግታ ይነሳል፤ መሐሉ ቀጥ ይላል፤ ከላይ እንደ ትከሻ ይጎብጣል። የፊልም ለዛ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ትከሻ ነው።

ነጠላውና ፊቱ

በጥምቀት ዕለት በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ ሊነሱ ቆመዋል እንበል። ነጠላው ብዙ ብርሃን ይመልሳል፤ በጥላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ግን ጥቂት ብቻ። ካሜራው ለፊታቸው ሲል ብርሃን ከጨመረ የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። የኔጋቲቭ ፊልም በትከሻው ምክንያት ሁለቱንም ይይዛል፤ ስላይድ ፊልም ግን ይህ ቸርነት የለውም። በዲጂታል ካሜራ ፒክስሎቹ ሞልተው የጠፋ ሽመና በማስተካከያ ሶፍትዌር አይመለስም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍተቱን ሊሞላው ይችላል፤ የሚሞላው ግን በግምት እንጂ በዚያ ዕለት በተለበሰው ነጠላ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ለደማቁ ክፍል መጠንቀቅ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለው መቆጣጠሪያ ብርሃኑን እስከ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እስከ ግማሽ፣ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፊታቸው እንዳይጨልም ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ ጨርቅ ብርሃን እንዲመልስላቸው ማድረግ ይቻላል።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋ አለው። ፎቶኖች በዘፈቀደ ስለሚደርሱ የቁጥራቸው መዋዠቅ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 10,000 ፎቶኖች ሲመዘገቡ መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ነው፤ ፎቶኖቹ 5,000 ሲሆኑ ወደ 71፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ስቶፕ መቀነስ በመጠኑ ብቻ ይጎዳል፤ ሦስት ወይም አራት ስቶፕ መቀነስ ግን ጥላውን ያበላሻል።

ቀለምና ቅንጣት

የተለመደው የቀለም ፊልም 5,500 ኬልቪን ገደማ ለሆነው የቀን ብርሃን የተሰናዳ ስለሆነ የምሽት ፀሐይን ወርቃማነትና የአምፖልን ብጫነት እንዳለ ይመዘግባል። የዲጂታል ካሜራ አውቶማቲክ የነጭ ሚዛን ግን ይህንን ልዩነት ለማጥፋት ይጥራል። ሚዛኑን በቀን ብርሃን ላይ ማጽናት ያለ ምንም ድካም የፊልምን ቀለም ያቀርባል።

በፊልም ላይ የብር ቅንጣቶች በዘፈቀደ የተበተኑ ሲሆኑ ፒክስሎች በረድፍ የተሰለፉ ናቸው። ካሜራው ጠርዞችን በኃይል ሲያሾልና ኖይዙን ሲያለሰልስ ቆዳ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ በካሜራው ምናሌ ውስጥ የማሾያውን፣ የኖይዝ ቅነሳውንና የንፅፅሩን መጠን ዝቅ ማድረግ ይመከራል።

ከዚህ በኋላ ለኮምፒዩተሩ የሚቀረው የመካከለኛውን ብርሃን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። አንባቢያን ጉዳዩን በራሳቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ነጭ ጨርቅ በፀሐይ አስጥተው አንድ ጊዜ ካሜራው በመረጠው መጠን፣ ቀጥሎ አንድ ስቶፕ ቀንሰው፣ በመጨረሻም አንድ ስቶፕ ጨምረው ያንሱት። በሦስቱም ምስሎች ላይ ክሩን ለመቁጠር ይሞክሩ፤ ሂስቶግራሙ በቀኝ ጠርዝ ላይ በተከመረበት ምስል ጣሳው ሞልቶ መፍሰሱን ያያሉ።