የባንክ ሂሳብ ሲቀየር መደበኛ ክፍያዎች ምን ይሆናሉ? የብሪታንያ ተሞክሮ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



አንድ ሰው ባንኩን ትቶ ወደ ሌላ ባንክ ሲዛወር፣ በየወሩ ከሂሳቡ የሚወጣው የቤት ኪራይ፣ የመብራት ክፍያና የመድን አረቦን፣ ወደ ሂሳቡም የሚገባው ደመወዝ ምን ይሆናል? ጥያቄው የባንክ ጸሐፊ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ያመለጠ አረቦን የመድን ሽፋንን ሊያቋርጥ፣ በወቅቱ ያልተከፈለ የብድር ክፍያም የተበዳሪውን ስም ለዓመታት ሊያጎድፍ ይችላል። እኔ እንደማየው ጉዳዩ በዋነኛነት የሕግ ጉዳይ ነው፤ የክፍያው ትእዛዝ የሚገኘው በማን እጅ ነው?

ብሪታንያን የመረጥሁት ጥያቄው እዚያ በግልጽ ተነሥቶ ሥርዓት ስለተበጀለት ነው። ከፋይናንስ ቀውሱ በኋላ በሰር ጆን ቪከርስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ገለልተኛ የባንክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ። ደንበኛ ክፍያዎቼ ይዛቡብኛል ብሎ ከሠጋ፣ ባንኩ ቢበድለውም አይለቅም፤ ደንበኛው ካልለቀቀ ደግሞ በባንኮች መካከል ውድድር አለ ማለት አስቸጋሪ ነው። ኮሚሽኑ ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ የሂሳብ ዝውውርን የሚያቀልል አገልግሎት እንዲቋቋም ነበር። አገልግሎቱ መስከረም 16 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዝውውሩም በ7 የሥራ ቀናት እንዲጠናቀቅ ተወሰነ።

አሁን ወደ ክፍያዎቹ እንመለስ። «መደበኛ ክፍያ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ነው። ደንበኛው ለባንኩ «በየወሩ በ1ኛው ቀን ይህን ያህል ገንዘብ ለአከራዬ ላክልኝ» ይላል። መጠኑን የሚወስነው ከፋዩ ሲሆን፣ ትእዛዙ ተመዝግቦ የሚገኘው በባንኩ ዘንድ ብቻ ነው። አከራዩ ትእዛዙን አያይም፤ የሚያየው ገንዘቡን ነው። ስለዚህ አሮጌው ባንክ ዝርዝሩን ለአዲሱ ባንክ ካስተላለፈና አዲሱ ባንክ እንደገና ከመዘገበው ጉዳዩ አለቀ።

ሁለተኛው፣ እንግሊዞች ዳይሬክት ዴቢት የሚሉት፣ ከዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ገንዘቡን የሚጠይቀው ተቀባዩ ነው። የመብራት ድርጅቱ ከደንበኛው ፈቃድ ተቀብሎ በየወሩ ለባንኩ ጥያቄ ያቀርባል፤ አስቀድሞ ካሳወቀ መጠኑም ሊለዋወጥ ይችላል። ለዚህ ሥልጣን ማካካሻ የሚሆን ዋስትና አለ፤ በስሕተት የተወሰደ ገንዘብ ቢኖር የደንበኛው ባንክ ወዲያውኑና በሙሉ መመለስ ይኖርበታል። ሂሳቡ ሲቀየር እንግዲህ የሁለቱ ባንኮች መነጋገር ብቻውን አይበቃም። የደንበኛውን የሂሳብ ቁጥር በመዝገቡ የያዘው እያንዳንዱ ሰብሳቢ ድርጅት መዝገቡን ማረም አለበት። አንድ ቤተሰብ ውኃውን፣ ጋዙን፣ ስልኩንና የማዘጋጃ ቤት ግብሩን በዚህ መንገድ የሚከፍል ከሆነ፣ ባንክ ለመቀየር ከየድርጅቱ ጋር በተናጠል መጻጻፍ ሊኖርበት ነው ማለት ነው። አገልግሎቱ ይህን ሸክም ከደንበኛው ትከሻ አውርዶ በባንኮቹ ላይ ጫነው።

ሦስተኛው ወደ ሂሳቡ የሚገባው ገንዘብ ነው፤ የዚህ ትእዛዝ ያለው በላኪው እጅ ነው። ለንደን ውስጥ በዕቁብ የተሰባሰቡ ወገኖቻችንን እናስብ። ዕቁብተኞቹ ድርሻቸውን በቋሚ ትእዛዝ ወደ ሰብሳቢው ሂሳብ ይልካሉ እንበል። ሰብሳቢው ባንክ ቢቀይር ሁሉም አባላት በአንድ ቀን ትእዛዛቸውን ያርማሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ለሚቀጥለው ወር ያሳድረዋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ማዞር ነው። ወደተዘጋው ሂሳብ የተላከ ገንዘብ፣ እንዲሁም ለእርሱ የቀረበ የዳይሬክት ዴቢት ጥያቄ፣ በማዕከላዊው የክፍያ ሥርዓት አማካይነት ወደ አዲሱ ሂሳብ ይዞራል፤ ላኪው ወይም ሰብሳቢውም አዲሱ ቁጥር ይነገረዋል። በመጀመሪያ ይህ የሚቆየው ለ13 ወራት ነበር። 12 ወር ቢሆን ኖሮ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል አረቦን ጥቂት ቀናት ቢዘገይ ከገደቡ ውጭ ይወድቅ ነበር። ጊዜው ከዚያ በኋላ ወደ 36 ወራት ከፍ ብሏል። በዝውውሩ ሂደት ስሕተት ቢፈጠርና ደንበኛው ወለድ ወይም ቅጣት ቢጠየቅ፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ባንኮቹ ናቸው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ፤ ደንበኛው ማን እንዳጠፋ የማስረዳት ጣጣ ውስጥ አይገባም። ዋስትናው የሚሠራው ግን አሮጌው ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው። አሮጌውን ሂሳብ ይዞ ክፍያዎቹን ብቻ በከፊል የሚያዛውር ሰው ማዞሩንም ዋስትናውንም አያገኝም።

እንደ ሞባይል ቁጥር ሁሉ የሂሳብ ቁጥሩ ራሱ ለምን ከደንበኛው ጋር አይሄድም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በብሪታንያ የሂሳብ አድራሻ 8 አኃዝ ካለው የሂሳብ ቁጥር ሌላ ባንኩን የሚያመለክት ባለ 6 አኃዝ ሶርት ኮድ አለው። ባንኩ በአድራሻው ውስጥ ተጽፏልና ባንኩ ሲቀየር አድራሻው ይቀየራል። በስዊድን የባንክጂሮ ቁጥር ያለው ድርጅት ባንኩን ቢቀይርም ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ሂሳቡን ያመለክታል እንጂ ሂሳቡ ራሱ አይደለምና። እንደ እኔ ግምት የስዊድኑ ንድፍ የበለጠ የተጣራ ነው፤ ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሂሳቦች ባሉበት አገር ነባሩን አድራሻ ነቅሎ አዲስ መትከል ውድ ነው። ማዞር ርካሽ መንገድ ነው፤ ለአብዛኛው ክፍያም ይበቃል።

የማይበቃው ለአራተኛው ዓይነት ነው። የስፖርት ቤት፣ የፊልም አገልግሎት ወይም የጋዜጣ ደንበኝነት ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በካርድ ላይ በተሰጠ ተደጋጋሚ ፈቃድ ነው። ድርጅቱ የያዘው የሂሳቡን ቁጥር ሳይሆን በካርዱ ላይ ያለውን ረጅም ቁጥር ነው። አሮጌው ሂሳብ ሲዘጋ ካርዱም ይሞታል፤ የዝውውር አገልግሎቱም ይህን ፈቃድ አያዛውረውም። ደንበኛው ግን በሂሳብ መግለጫው ላይ ከዳይሬክት ዴቢት ጋር ጎን ለጎን ስለሚያየው ልዩነቱን ላያስተውል ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ክፍያው ሲመለስ ነው። ባንክ ለመቀየር ያሰበ ሰው ያለፈውን አንድ ዓመት መግለጫ ዘርግቶ በካርድ የሚወሰዱትን ክፍያዎች ለይቶ ማውጣት፣ ለየድርጅቱም አዲሱን የካርድ ቁጥር ራሱ መስጠት ይኖርበታል።