ተጨማሪ መረጃ፦ ባክቴሪያ በጨቅላ ሕፃናት ደም ውስጥ

ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ጨቅላ ይባላል። በዚህ ዕድሜ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ያዘናጋል፤ ትኩሳት ላይኖር፣ እንዲያውም የሕፃኑ ሰውነት ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጡት መጥባት ካቆመ፣ ከዛለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

በበለጸጉት አገሮች ዋነኞቹ መንስኤዎች ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ እና ኢ. ኮላይ ናቸው። የእኛ ሁኔታ ይለያል። ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተካሄደው የባርናርድስ ጥናት ክሌብሲየላ ኒሞኒን በቀዳሚነት አግኝቶታል። ይህ ባክቴሪያ በሆስፒታል ውስጥ በእጅና በሕክምና መሣሪያዎች ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል፤ እጅን በደንብ መታጠብ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ሕይወት የሚያድነው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ እንዲሰጡ የሚመክራቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። አምፒሲሊን ባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ጄንታማይሲን የፕሮቲን ምርቱን ያውካል። ነገር ግን ክሌብሲየላ በተፈጥሮው አምፒሲሊንን ይቋቋማል። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በጄንታማይሲን ላይ ይወድቃል፤ እሱንም የተላመዱ ዝርያዎች በርክተዋል። ሌላው መድኃኒት ሴፍትሪአክሶን ደግሞ ቢጫነት የሚያመጣውን ቢሊሩቢን ከተሸከመው ፕሮቲን ስለሚያላቅቅ የቆዳና የዓይን ቢጫነት ላለበት ጨቅላ አይሰጥም።

ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት፣ የደም ናሙና የሚወሰደው ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ነው፤ ሕክምናው ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። የካልቸሩ ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ያስቀጥላል ወይም ያቆማል።