የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ ስለ ምን ይወደዳል?

በአብነትና በመርካቶ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው ዘወትር የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለቤት መለማመጃ የሚሆነው ኦርጋን በርካሽ ሲገኝ፥ መልኩ ከእርሱ እምብዛም የማይለየው የባለሙያ ሲንተሳይዘር ስለ ምን እጥፍ ድርብ ይጠየቅበታል?» የሚል ነው። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ነገሩ የነጋዴው ስግብግብነት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የዋጋውን አመጣጥ ከሥሩ መግለጽ ይገባል።

አንደኛው ምክንያት የገዢው ቍጥር ማነስ ነው። መሣሪያው ተነድፎና ተፈትኖ ለሥራ እስኪበቃ ድረስ የሚወጣው ገንዘብ፥ ብዙም ተሸጠ ጥቂት፥ ያው ነው፤ የሚከፈለውም በገዢዎች ቍጥር ተካፍሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የወጣው ሚኒሞግ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ የማያሰማ ሲሆን፥ በዘመኑ ሁሉ የተሠራው ወደ 12,000 ያህል ብቻ ነው። በ1983 የወጣው የጃፓኑ ያማሃ ዲኤክስ 7 ግን 16 ድምፅ በአንድነት ያሰማ ነበር፤ ፋብሪካውም ዋና ዋናዎቹን ቺፖች ራሱ ስለሠራና ከ150,000 በላይ ስለሸጠ በ2,000 ዶላር ገደማ ሊያቀርበው ችሏል።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ልዩነት ነው። የኛ ቅኝቶች፥ ይልቁንም አንቺ ሆዬ፥ ፋብሪካው እኩል አድርጎ ከከፈላቸው 12 ድምፆች ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። ስለሆነም ሙዚቀኛው እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት መሣሪያ ይሻል፤ ይህም በሁሉም ዓይነት ላይ አይገኝም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው ሥራ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር እንዳጣመረ ሁሉ፥ ዛሬም የሠርግ ባንዶች፥ ስቱዲዮዎችና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሣሪያውን የሚገዙት ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከ110 ብር አለፈ። ፋብሪካው ዋጋውን ሳይለውጥ፥ የ1,000 ዶላር ዕቃ በብር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው።

አራተኛው ታክስ በታክስ ላይ መደረቡ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ የመርከብ ኪራይና መድን ተጨምሮ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 20 በመቶ ቀረጥ ቢከፈልበት 120,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 138,000፥ በዚህ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታሰብ 151,800 ብር ይደርሳል። ሦስቱ ሲደመሩ 45 በመቶ ቢመስሉም የተጨመረው 51.8 በመቶ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣበት የመኪና ኪራይ፥ የመጋዘን ወጪና የነጋዴው ትርፍ ገና አልገባም።

በመጨረሻም እንዲህ ያለው ዕቃ ቶሎ አይሸጥም፤ በመደርደሪያ ላይ በቆየ ቍጥር የነጋዴው ገንዘብ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ ነጋዴው ውዱን መሣሪያ ከማዘዙ በፊት ከገዢው ቀብድ ቢቀበል፥ ቅኝት የሚለወጥበት መሆኑን ቢያረጋግጥ፥ መለዋወጫውንም አብሮ ቢያስመጣ ይበጀዋል። የወጪውንም ዝርዝር ለደንበኛው ቢያሳይ፥ ዋጋውን ባይቀንስለት እንኳ እምነቱን ያተርፋል።