በጅማሬው ስለ ተገኘ የሳምባ ካንሰር፤ ቀዶ ሕክምና ወይስ ጨረር?

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የሳምባ ካንሰር ገና ሳይዛመት ሲገኝ ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር የትኛው እንደሚሻል ነው። ጥያቄውን የምናነሣው ከወላይታ ሶዶ ሆነን ስለ ሆነ፥ ከመልሱ ጋራ መንገዱንም መቍጠር ይገባናል።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በአማርኛ «የሳምባ ነቀርሳ» የሚባለው ቲቢ ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ካንሰር ማለትም ይሆናል። ስለዚህ እዚህ «ካንሰር» እንላለን። በጅማሬው ያለ የምንለውም ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፥ ወደ ንፍፊቶችም ሆነ ወደ ሌላ አካል ሳይደርስ ነው።

ሳምባ በቀኝ 3፥ በግራ 2 ክፍሎች አሉት። በቀዶ ሕክምና ዕጢው ያለበት ክፍል በሙሉ ይወጣል፤ በአጠገቡ ያሉት ንፍፊቶችም ተወስደው ይመረመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 ኤቫርትስ ግራሃም በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአንድ በሽተኛ አንድ ወገን ሳምባ በሙሉ አውጥቶ ሰውዬውን አዳነው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው እያነሰ ሄደ፤ በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ የክፍሉን ከፊል ማውጣት እንደሚበቃ አመልክቷል።

ጨረር በፊት ደካማ ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር የታተመ ንጽጽር ከ4 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከቀዶ ሕክምና 23፥ ከጨረር 7 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ። ምክንያቱም ጨረሩ ጤነኛውንም ሳምባ ስለሚጐዳ መጠኑን ከፍ ማድረግ አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን ዕጢው በሲቲ ስካን ተለክቶ፥ የትንፋሹ እንቅስቃሴ ታስቦ፥ ብርቱ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ ይወረወርበታል። ሕክምናውም በ3 ወይም በ5 ጊዜ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቀዶ ሕክምና በማይችሉ 55 ሰዎች ላይ በታተመ ጥናት ከ3 ዓመት በኋላ የታከመው ዕጢ ከመቶ 98 ያህሉ ላይ ተገትቶ ነበር። በ2021 ደግሞ ቀዶ ሕክምና የሚችሉ 80 ሰዎች በጨረር ብቻ ታክመው ከ3 ዓመት በኋላ 91 በመቶ በሕይወት ተገኙ፤ ይህም ከተመሳሳይ የቀዶ በሽተኞች ጋራ እኩል ነው። ይሁን እንጂ በሽተኞቹ በዕጣ ስላልተከፈሉ ክርክሩ አልተዘጋም።

ስለዚህ ልቡና ሳምባው ለሚችል ሰው ቀዶ ሕክምና፥ ለማይችል ወይም ለማይፈቅድ ጨረር ይሰጣል። የመጀመሪያው ማደንዘዣና ቍስል አለበት፤ ሁለተኛው ሳምባን ሊያቈጣና የጐድን አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ ንፍፊቶቹንም ለምርመራ አያወጣም።

አሁን ወደ ሶዶ እንመለስ። በአገራችን ጨረር ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ይሰጥ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይም ሌላ ማዕከል አልነበረም። በኋላ አዳዲስ መሣሪያዎች እዚያውና በጂማ ተተከሉ። ለቦሎሶ ወይም ለዳሞት ገበሬ 6 ሳምንት አዲስ አበባ መቀመጥ ማለት ኪራይና አስታማሚ ማለት ነው፤ የዘር ጊዜም ያልፈዋል። አጭሩ ጨረር ለእንዲህ ያለው ሰው በጣም ይስማማው ነበር፤ ነገር ግን ከመሣሪያው በላይ የጨረር ፊዚክስ ዐዋቂ ይፈልጋል። ቀዶ ሕክምና በአንድ መኝታ ያልቃል፤ የሠለጠነ እጅም እየበዛ ይሄዳል፤ በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል የቀዶ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። የደረት ቀዶ ሕክምና ግን የራሱን ሐኪም፥ የራሱንም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሻል።

ሁለቱም መንገዶች የሚከፈቱት በጊዜ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው። ሳል 2 ሳምንት ሲያልፍ አክታ ለቲቢ ይመረመራል፤ ይህም ትክክል ነው። አደጋው የሚመጣው አክታው ንጹሕ ሆኖ፥ የቲቢውም መድኃኒት ሳያሽል፥ በሽተኛው «ጥቂት ታገሥ» ተብሎ ወራት ሲያልፉ ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር የነበረው ዕጢ በዚህ ጊዜ ከንፍፊት ይደርሳል። እንግዲህ የእኛ መደምደሚያ ይህ ነው፤ መድኃኒት ያልመለሰው ሳል ወደ ራጅ፥ ከራጅ ወደ ሲቲ ስካን፥ ከዚያም ዕጢው ተቈንጥሮ ወደሚታይበት ምርመራ ሳይዘገይ ይሂድ። በቀዶ ወይስ በጨረር የሚለው ጥያቄ ለወላይታ በሽተኛ የሚነሣለት ያን ጊዜ ነው።