ብዥታው ከየት መጣ?

ፎቶ ብዥ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው ሌንሱ ነው። የሙሽራዋ ዓይን ሳይጠራ ቢቀር፣ የሚጨፍረው ሰው ቢደበዝዝ፣ ከኋላ የቆሙት ዘመዶች ፊታቸው ባይለይ፣ ብዙ ባለሙያ ወዲያው የሚያስበው የተሻለ ሌንስ ስለመግዛት ነው፤ የተሻለ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ውዱ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ በእጃችን ካሉት ሌንሶች አብዛኞቹ እኛ ከምናወጣባቸው ፎቶ የበለጠ ጥርት አድርገው የማሳየት አቅም አላቸው። ብዥታው በብዛት የሚመጣው ፎከሱ ማረፍ ከነበረበት ቦታ ስቶ በማረፉ ነው፤ አለዚያም ሸተሩ ተከፍቶ ሳለ ካሜራው ወይም የሚነሳው ሰው በመንቀሳቀሱ። ስለዚህ ሌንስ መመረጥ ያለበት በስሙና በዋጋው ሳይሆን፣ እኛ በምንሠራበት ብርሃንና ርቀት ፎከሱን በቦታው ለማሳረፍ ባለው ብቃት ነው። ሌንስ እዚህ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ በሌንስ ለመፍታት መሞከር የባለሙያውን ጥሪት ይበላል፣ ብዥታውም ከአዲሱ ሌንስ ጋር አብሮ ይቀጥላል።

ማስረጃው ያለው እዚያው ፎቶው ላይ ነው። በኮምፒውተር መቶ በመቶ አጉልቶ ማየት ይበቃል። ከፍሬሙ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ለምሳሌ የሙሽራዋ ዓይን ደብዝዞ ከኋላዋ ያለው የአበባ ጌጥ ፍንትው ብሎ ከወጣ፣ ሌንሱ ሥራውን ሠርቷል፤ የሳተው ፎከሱ ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ፣ የአምፖሎቹ ብርሃን ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ሆኖ ከተገኘ፣ እጅ ተንቀሳቅሷል። ግድግዳውና ወንበሩ ጠርተው ሰውየው ብቻ ተደራርቦ ከታየ፣ የሸተሩ ፍጥነት ለሰውየው እንቅስቃሴ አልበቃም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ደብዝዞ የተጎተተም የጠራም ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው ጥርጣሬው ወደ ሌንሱ የሚዞረው። ያን ጊዜም መጀመሪያ የሚመረመረው በመስታወቱ ላይ የቀረ የጣት አሻራ፣ ከፊቱ የተገጠመ ርካሽ ፊልተር፣ በቀትርም በረጅም ሌንስ የተነሳ ከሆነ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ነው። ይህን ምርመራ ሳያደርጉ ሌንስ መቀየር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ጥርት የሚለው ስፍራ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 85 ሚሜ ሌንስ ገጥመን፣ አፐርቸሩን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍተን፣ በ1.5 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው ብናነሳ፣ ከፊትና ከኋላ ተደምሮ ጥርት የሚለው ስፋት 3.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ላይ ያረፈ ፎከስ ጆሮ ድረስ አይዘልቅም፤ ሰውየው ፊቱን ትንሽ ዘወር ካደረገ ደግሞ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ ብዙ ፎቶ ያበላሻል። በመሃለኛው ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጎ፣ አዝራሩን በግማሽ እንደያዙ ካሜራውን አዘንብሎ ፍሬሙን ማስተካከል የተለመደ አሠራር ነው። ካሜራው 10 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን ፎከሱ ያረፈበት ንጣፍ አብሮት ያዘነብላል፤ በ1.5 ሜትር ርቀት ንጣፉ ከዓይኑ ጀርባ ወደ 2.3 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ከንጣፉ ወደ ፊት ጥርት የሚለው 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ዓይኑ ከክልሉ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሌንሱ ዋጋ አይገባም፤ ውዱም ርካሹም እኩል ይስታሉ። የሚያድነው የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ ማንቀሳቀስ ነው፣ ወይም አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 መዝጋት፤ ያን ጊዜ ስፋቱ ወደ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋል።

የቤተሰብ ፎቶ ላይም ሒሳቡ ያው ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠው ወጣቶቹ ከኋላ ሁለት ረድፍ ሠርተው ሲቆሙ፣ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል በቀላሉ ከአንድ ሜትር በላይ ይኖራል። በ50 ሚሜ፣ በኤፍ 2.8፣ በ3 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ግን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ረድፍ መደብዘዙ አይቀርም። ወደ 35 ሚሜ ወርዶ፣ ወደ 4 ሜትር ርቆ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 ላይ ማድረግ ከአራት ሜትር በላይ ስፋት ይሰጣል። አያቶች ያሉበት ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳግም የማይገኝ ፎቶ ነው፤ የእነሱን ፊት ለጀርባ ብዥታ ውበት ብሎ መሠዋት አይገባም።

ወደ ራሱ ወደ አውቶ ፎከሱ እንምጣ። ፎከስ የሚለካው ክፍል የሚፈልገው የብርሃንና የጥላ ልዩነትን፣ ጠርዝንና መስመርን ነው። ልዩነት በሌለበት ቦታ ይዋልላል፤ ሌንሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ የምንሰማው ለዚህ ነው። የአገራችን ልብስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ነጩ ነጠላ ለአውቶ ፎከስ ባዶ ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ነጥቡን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጥለቱ ቢያዞሩት ግን ወዲያው ይይዛል፤ ቀለሙና የክሩ መስመር የሚፈልገውን ሁሉ ይሰጠዋል። መስመሩ የሚሄድበት አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ብዙዎቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ላይ ያለው መለኪያ የቆመን መስመር በቀላሉ ይይዛል፤ የተጋደመ መስመር ግን ያስቸግረዋል። ጥለቱ አግድም ወድቆ ካሜራው አልይዝ ካለ፣ ካሜራውን ጥቂት አዘንብሎ ፎከስ አስይዞ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ልብሱ ትንሽ ራቅ ካለ ደግሞ ያቺ ትንሽ ማዘንበል በፎከሱ ላይ የምታመጣው ለውጥ አይታይም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲሁ ነው። ጧፍ በያዘች ሴት ፎቶ ላይ ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ከፊቷ ይልቅ የቀረበውንና የበለጠ የሚያበራውን ነበልባል ሊመርጥ ይችላል። የዕጣን ጢስ ደግሞ ልዩነቱን ያሳሳዋል። በከተራ ታቦት አጅበው ከሚመጡት መካከል የአንድን ካህን ፊት የሚፈልግ ባለሙያ፣ በወርቅማ ዘርፍ ያጌጠው ጥላ የካሜራውን ምርጫ እንደሚስብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንድ ነጥብ ወይም ጠባብ ክልል ራስ መርጦ መያዝ ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣል።

ታዲያ ሌንስ የት ላይ ነው ለውጥ የሚያመጣው? ብርሃኑ ሲያንስ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሜ ሌንስ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ርካሹ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በዚያው አይኤስኦ አንደኛው 1/25 ሰከንድ በሚሰጥበት አዳራሽ ሌላኛው 1/250 ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ በ1/25 ምንም ዓይነት ፎከስ አያድነውም፤ በ1/250 ፊቱ ይተርፋል፤ ትከሻውን ራሱን ለማቆም ወደ 1/500 መውጣት ይሻላል። በተጨማሪም በብዙ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች መሃለኛው ነጥብ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚከፈት ሌንስ ሲያገኝ በበለጠ ትክክለኛነት ይለካል። ዲኤስኤልአር ፎከስ የሚያደርገው አፐርቸሩ ሙሉ ተከፍቶ ሳለ ስለሆነ፣ ኤፍ 2.8 ሌንስ በኤፍ 4 ሲያነሱበትም ይህ ጥቅሙ አይቀርም። እንግዲህ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት ይህ ነው፤ ሌንሱ ላይ ያለው ቀይ ወይም ወርቅማ ቀለበት አይደለም።

ዋጋና ፎከስ አብረው እንደማይሄዱ የሚያሳይ አንድ ጥንድ ልጥቀስ። የካነን 85 ሚሜ ኤፍ 1.2 ኤል ሁለተኛው ትውልድ 1025 ግራም ይመዝናል፤ ታናሹ 85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ደግሞ 425 ግራም። ትልቁ በምስሉ ውበት ስሙ የተጠራ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ሞተሩ ያን ሁሉ ከባድ መስታወት ማንቀሳቀስ ስላለበት ፎከሱ ዝግ ያለ ነው፤ ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚያንሰው ታናሹ ይቀድመዋል። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ምስል ትልቁ ይመረጣል፤ ሙሽሮቹ ወደ አዳራሽ ሲገቡ ግን ታናሹን የያዘ ሰው ብዙ ጥርት ያለ ፎቶ ይዞ ይወጣል። ያገለገለ ሌንስ ለሚገዛም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቀድሞዎቹ የኒከን ኤኤፍ እና ኤኤፍ ዲ ሌንሶች በውስጣቸው ሞተር የላቸውም፤ የሚያሽከረክራቸው ካሜራው ነው። የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ያን ሞተር ስለማይዙ እነዚህ ሌንሶች ሲገጠሙባቸው አውቶ ፎከስ አይሠራም። ሌንሱ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ደግሞ የአሠራር ምርጫው ከሌንሱ ይቀድማል። በኅዳር ወር በአዲስ አበባ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ፊት ፊት የሚመሩት ሯጮች በሰከንድ ወደ 6 ሜትር ይሮጣሉ። 200 ሚሜ ሌንስ በኤፍ 2.8፣ ሯጩ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ፣ ጥርት የሚለው ስፋት 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፎከሱ አንዴ ተይዞ ከተቆለፈ በኋላ ጣታችን አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ሯጩ 60 ሴንቲ ሜትር አልፎታል። ካሜራው እየተከታተለ ቀጣዩን ቦታ እንዲገምት ማዘዝ የግድ ነው፤ ካነን ሰርቮ፣ ኒከንና ሶኒ ኤኤፍ ሲ የሚሉት ይህንን ነው። በውድ 70–200 ላይ ለቆመ ነገር የሚሆነው ፎከስ ተመርጦ የተነሳ ሩጫ፣ በርካሽ ሌንስ በክትትል ከተነሳው ያነሰ መሆኑ አያስገርምም።

አንድ ሌንስ ሁልጊዜ ከፊት ወይም ሁልጊዜ ከኋላ የሚስት ከሆነስ? ዲኤስኤልአር ላይ ይህ ያጋጥማል። ለፎከስ የሚለካው ብርሃን በመስታወት ተመልሶ ከካሜራው ሥር ወዳለ ሌላ ሴንሰር ይሄዳል፤ ፎቶው የሚነሳው ግን በሌላ ሴንሰር ላይ ነው። ሁለቱ መንገዶች በርዝመት በጥቂቱ ከተለያዩ ካሜራው ትክክል ነኝ እያለ ይስታል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሞ፣ አንዴ በዓይን ማያው፣ አንዴ በላይቭ ቪው ፎከስ አድርጎ ደጋግሞ ማንሳት። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ በዓይን ማያው ከደበዘዘ ሌንሱ ንጹሕ ነው፤ ማስተካከል የሚያስፈልገው የሌንሱና የካሜራው መናበብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ካነንና ኒከን በተሻሉ ካሜራዎቻቸው ላይ ይህን ማስተካከያ በሜኑ ውስጥ አስገብተዋል፤ ሲግማና ታምሮን ደግሞ ለአንዳንድ ሌንሶቻቸው ለብቻው የሚሸጥ ማስተካከያ መሣሪያ አላቸው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ሚረርለስ መጥቶ ነገሩን ጨርሶታል ሊል ይችላል። በከፊል እውነት ነው። ፎከሱ የሚለካው ፎቶው በሚነሳበት በዚያው ሴንሰር ላይ ስለሆነ ከላይ ያልኩት መሳት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ዓይንን ፈልጎ የሚይዘው አሠራርም ፍሬም ለማስተካከል ማዘንበልን አስቀርቷል። ይህን ያህል ጥቅም መካድ አይቻልም፤ አቅም ያለው ከሌንስ በፊት ካሜራውን ቢቀይር እመክራለሁ። ነገር ግን ዓይን መያዙ 3.4 ሴንቲ ሜትሩን አያሰፋውም፣ የሚወዛወዝ ትከሻም አያቆምም። ብዙ ሰው ባለበት የእኛን ሰው ትቶ ሌላ ዓይን ይመርጣል፤ የሙሽራዋ ቬሎ ፊቷ ላይ ሲወርድ ዳንቴሉን ሊይዝ ይችላል፤ ፀሐይ ከጀርባ ሆና ፊቱ ሲጨልም የሚይዘው ያጣል። ያን ጊዜ ውሳኔው ወደ ባለሙያው ይመለሳል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ጥሩ መስታወት በእውነት ይበልጣል የሚለው ነው። አዎ፣ ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጠርዙ ድረስ ይጠራል፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ አይታጠብም፣ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ልዩነቱ ይታያል፣ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን ሲሰቀል ደግሞ ይበልጥ ይታያል። ልዩነቱ የሚታየው ግን ፎከሱ በቦታው ካረፈና ሸተሩ ከበቃ በኋላ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሳተ ዓይን ላይ የመስታወት ጥራት የሚታይበት ቦታ የለም። በደብዛዛ ብርሃን፣ በተከፈተ አፐርቸር፣ በየሳምንቱ ለሚሠራ ሰው ውድ ሌንስ ተገቢ ወጪ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሱቅ ሲሄድ የራሱን ካሜራ ይያዝ፤ ሌንሱን ገጥሞ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ሁልጊዜ በሚሠራበት ርቀት ላይ የቆመን ሰው ዓይን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ያንሳ፣ በእያንዳንዱ መካከል ፎከሱን አበላሽቶ እንደገና እንዲይዝ ያድርግ፣ ከዚያ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አሥሩንም እዚያው አጉልቶ ይያቸው። ስንቱ እንደጠራ ሲቆጥር ሌንሱ ለሥራው ይሆነው እንደሆነ ያውቃል።