ገማቹ በገበያ ቀን ሲመጣ

ይህን የምነግራችሁ የግምቱን ደብተር የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ነው። በ2009 ዓ.ም. የነጋዴው የቀን ገቢ በመላ አገሪቱ ሲገመት፣ ከመካነ ሰላም ወዲህ ካሉት የደጋ ከተሞች በአንዷ ከገማቾች ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞሬያለሁ። የከተማዋ ስም ይቆየኝ።

ሦስት ሆነን አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባን። መደርደሪያው ላይ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና ዘይት ተደርድሯል፤ ደጃፉ ላይ አፉ የተፈታ የጨው ጆንያ ቆሟል። «እማማ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አልናቸው። እሳቸውም «የቱን ቀን ልጄ? የገበያውን ነው ወይስ ጭር ያለውን?» ሲሉ መለሱ። ቅጹ ላይ የነበረው ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። የመጣነው በገበያ ቀን ነበርና ያየነውን ጻፍን።

እስኪ አብረን እናስላው። አንድ ባለሱቅ በገበያ ቀን 2,000 ብር፣ በሌላው ቀን 300 ብር ይሽጥ እንበል። ዓመቱን 300 የሥራ ቀን ብናደርገው፣ 52ቱ የገበያ ቀን 104,000፣ ቀሪው 248 ቀን 74,400፣ በድምሩ 178,400 ብር ይሆናል። የገበያው ቀን ብቻ በ300 ቢባዛ ግን 600,000 ብር ይወጣል። በጊዜው የትንሹ ግብር ከፋይ፣ የደረጃ «ሐ»፣ ዓመታዊ ሽያጭ ጣሪያ 500,000 ብር ነበር። ሰውየው አንዲት ሳሙና ሳይጨምር ወደ «ለ» ወጣ ማለት ነው፤ እዚያ ደግሞ መዝገብ ያዝ ይባል ነበር።

ግምቱን የሚያጣምመው አንዱ ምስጢር ይህ የገበያ ቀን ነው፤ ሁለተኛው መደርደሪያው ነው። ገማች ሙሉ መደርደሪያ ሲያይ ሀብት ያያል። በዚህ አካባቢ ግን ብዙው ሸቀጥ በአይሱዙ ተጭኖ በአቀስታ በኩል ከደሴ የመጣ ዱቤ ነው። ሙሉ መደርደሪያ አንዳንዴ ያልተሸጠ ዕቃ፣ ያልተከፈለ ዕዳም ነው። ሦስተኛው ቃሉ ነው፤ «የቀን ገቢ» ሲባል ነጋዴው ትርፉን የተጠየቀ መሰለው፣ የተገመተው ግን ሽያጩ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ግምቱ ይፋ ሲሆን በተለያዩ ከተሞች ሱቅ ያዘጋው ቁጣ ከፊሉ ከዚሁ ከቃሉ የመጣ ነው።

ነገሩ የትናንት አይደለም። በነጋድራሶቹ ዘመን ቀረጥ የሚከፈለው ኬላ ላይ ነበር። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 60 የግልና የንግድ ግብርን አመጣ፤ የ1953ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ደግሞ በ1994 በቁጥር 286 እስኪተካ ድረስ ሠርቷል። አዋጁ ቢለዋወጥም ደብተር የሌለው ባለሱቅ ዕጣው ያው ግምት ሆኖ ኖሯል። በ2017 የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ የግብር ከፋይ ደረጃዎቹን ሁለት አድርጎ የዓመታዊ ሽያጭ ወሰኑን 2 ሚሊዮን ብር አደረሰው። የትንሹ ነጋዴ ግብርም በቀጥታ ከዓመታዊ ሽያጩ ላይ ይሰላል። እንግዲህ የሽያጭ ቁጥር ከተሳሳተ ግብሩ አብሮ ተሳሳተ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። በአንድ ገጽ የገበያውን ቀን፣ በሌላው ጭር ያለውን ቀን ማታ ማታ ጻፉ። የደሴውን የዱቤ ወረቀት አትጣሉ። ገማች ሲመጣ ሁለቱንም ቁጥር አስጽፉ፤ ፈርሙ ከተባላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የቅሬታ ቀኑም አይለፋችሁ። የግምቱን ደብተር ለያዛችሁት የሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፦ እኚያ እናት የጠየቁን ጥያቄ ትክክል ነበር። ቅጹ አንድ ቦታ ቢኖረውም እናንተ ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ።